የቀጋው ድርሻችን

በቅርቡ አንድ ወጣት የግብርና ሠራተኛ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰብስቦ አስተማረ። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ዳር ዳሩን እየናደ መሬታችሁን የሚወስደው ዳሩ ባዶ ስለሆነ ነው፤ ቁጥቋጦ ትከሉበት አለ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ከብት የማይደፍረው፣ ሥሩ አፈር ጨምድዶ የሚይዝ፣ እንደ ቀጋ ያለ እሾሃማ ነው አለ። ልጁ ጨዋ ነው፤ የተናገረውም እውነት ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ነጠላዬን ሰብስቤ ከመሃል ተነሳሁና ወጣሁ። «እማማ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?» እያለ ተከተለኝ። ቁርጥማቴ ተነሳብኝ አልኩት። ያኔ ያልተወለደ ልጅ ምን ጥፋት አለበትና እቆጣዋለሁ?

ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሕፈቴ እንደ አካሄዴ ያነክሳል። ይህን ነገር ግን በአፌ ጀምሬ ጨርሼው አላውቅም፤ መሃል ላይ ድምፄ ይዘጋል። ስለዚህ ልጻፈው።

ከተሜዎች ስለ ቀጋ ሲያወሩ እሰማለሁ። አበባው ነጭ ነው፣ ሽታው ደስ ይላል ይላሉ። ይበሉ። ከሩቅ ለሚያየው ያምራል። እኔ ቀጋን የማውቀው ከውስጡ ነው። እሾሁ ወደ ኋላ የተቆለመመ ስለሆነ ሲገቡበት ዝም ብሎ ያስገባል፤ ሲወጡ ነው ልብስም ሥጋም ይዞ የሚያስቀረው። በመስከረም ያብባል፣ አዝመራ ሲሰበሰብ ፍሬው ይቀላል። ፍሬው ይጣፍጣል፤ ውስጡ ያለው ፀጉር ግን ጉሮሮ ይበላል፣ ብዙ ከበሉት ደግሞ ሆድ ያደርቃል።

ይህን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በራሱ ሆድ። ያደግነው ከአምበር ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነበር። ከወንዝ ስንደርስ «አንቺ ቀጭን ነሽ፣ ግቢ» ብሎ ቀጋው ጥሻ ውስጥ ይሰደኛል። እኔ በሆዴ ተስቤ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ ፍሬውን በቀሚሴ ሰብስቤ እወጣለሁ። እሱ ሆዬ ዳር ቁጭ ብሎ ጠብቆ ከግማሽ በላይ ይበላል። ማታ ሆዱ ድርቅ ብሎ ሲያቃስት እናታችን ተልባ በጥብጣ ታጠጣዋለች። እየጠጣ እኔን በዓይኑ እየጠቀሰ ይስቃል። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ሲያመውም የሚስቅ።

ቀጋ ለሌላም ነገር ይፈለጋል። ገበሬው ወቅቶ እህሉን ጎተራ ሲያገባ፣ ቀጋ ቆርጦ በባላ እየገፋ አጥሩን ያድሳል። ሰው ሲሞትም አዲሱ መቃብር ላይ ይከመራል፤ ጅብ እንዳይቆፍረው። በእኛ አገር መቃብሩ እሾህ ካልለበሰ ቀብሩ አለቀ አይባልም። ለቀስተኛ ቢበተን እንኳ የሟች እናት ዘወር ብላ እሾሁን ሳታይ ወደ ቤቷ አትገባም። ይህን ያዙልኝ፤ ነገሬ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

እኔ ያገባሁት ከጨሞጋ ወንዝ ዳር ካለ መንደር ነው። ጣሊያን ገብቶ፣ ጎጃም ሸፍቶ፣ ወንድሜም ዱር ከገባ በኋላ ቤታችን የእሱ ስንቅ ቤት ሆነ። በሶ እፈጭለታለሁ፣ ባሌ በአቁማዳ ያደርግለታል፣ እሱ ሲመሽ መጥቶ ይወስዳል። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። መጨረሻ ሲመጣ ሆዴን አይቶ «ወንድ ከሆነ ተልባ አብዝተሽ ዝሪ» ብሎኝ ሄደ። ለሌላው ስንቅ ሲመለስ ግን ባንዶች መሻገሪያው ላይ አድፍጠው ጠበቁት። ፀሐይ ስትገባ ተኩሱን ሰማሁት። ማን ላይ እንደተተኮሰ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። 

የባንዳው አለቃ ሬሳው ከወደቀበት እንዳይነሳ አዘዘ። «ያነሳው ከጎኑ ይጋደማል» አለ። መስከረም ነበርና ሲነጋ ወንዙ በጉም ተሸፈነ፤ ሰው ሰውን አያይም። ባሌ አልነገረኝም፤ ዶማውን አንስቶ ሲወጣ ተከተልኩት። «ተመለሺ፣ ሆድሽን እይ» አለኝ። «አንተ ቀጋ ውስጥ መግባት አትችልበትም» አልኩት። እውነቴን ነው። ከመሻገሪያው በታች፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ላይ፣ በሰፈሩ አቻ የሌለው የቀጋ ጥሻ ነበር። ከውስጡ ሁለት በግ የሚያስተኛ ክፍት ቦታ እንዳለው የማውቀው እኔ ነኝ። ፍሬ ስለቅም አግኝቼው ነበር።

ባሌ በብብቱ ያዘው፣ እኔ እግሩን ያዝኩ። እየተሳብን ገባን። ባሌ ቆፈረ፤ አፈሩ የወንዝ ዳር አፈር ነውና እሺ አለው። ቄስ የለም፣ ፍትሐት የለም፣ አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ደገምንለት። አበባው በላያችን ይረግፍ ነበር። ስንወጣ ቀሚሴም ክንዴም ተቦጫጨቀ። እሾህ ቆርጠን አላለበስነውም። ሜዳ ላይ የተከመረ እሾህ መቃብር አለ ብሎ ይናገራል፤ ቆሞ የበቀለው ቀጋ ግን ለማንም አይናገርም። በላዩ የቆመው ይበቃዋል አልን።

ጉሙ ሲገለጥ ባንዶቹ ባዶውን ቦታ አይተው «ጅብ በላው» ብለው ተሳሳቁ። መንደሩም ጅብ በላው ብሎ አመነ። የግድግዳ ጎረቤቴ፣ ጥሩ ሴት ናት፣ መጥታ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ አልበላውም ብዬ ግን አልነገርኳትም። ያን ጊዜ ያላወቀ ሰው ነው የሚተርፈው፤ ቢይዟት ምን ትናገራለች?

ወሬው አምበር ደረሰና እናቴ መጣች። ቤት ገብታ አልተቀመጠችም። ምሰሶውን ተደግፋ «ጅብ በላው የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ።

«አልበላውም፣ እምዬ። ቀብረነዋል።»

ዓይኗን ጨፈነች። «እሾህ አልብሳችሁታል?» አለች።

«ቀጋ ውስጥ ነው ያለው። ከሁሉ ይልቅ ለብሷል።»

«የቱ ጋ እንደሆነ አትንገሪኝ» አለች። «ካወቅሁ እግሬ ይወስደኛል፤ እግሬን ደግሞ ይከተሉታል። ይህ ቀን ሲያልፍ አንቺ ታሳዪኛለሽ። አፅሙን በአቡጀዲ ጠቅልዬ፣ ፍትሐት አስፈትቼ፣ ከአባቱ አጠገብ አስተኛዋለሁ።» ተስማማን። እናቴ ከዚያ በኋላ የኖረችው በዚህ ነበር ብል አላጋነንኩም። ልጇ ሞቷል፤ የቀራት እሱን ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ማግባት ብቻ ነበር።

አዝመራው እንደተሰበሰበ ከደብረ ማርቆስ ምሽግ ትእዛዝ መጣ። ሽፍታው የሚደበቀው ወንዝ ዳር ነው፤ ስለዚህ በጨሞጋ ዳር ከጉልበት በላይ የቆመ ቁጥቋጦ እንዳይገኝ ተባለ። እያንዳንዱ ቤት ድርሻው ይለካለታል፤ ያልመነጠረ ቤቱ ይቃጠላል። በገዛ ማጭዳችን የገዛ ወገናችንን መደበቂያ እንድናጠፋ ነው እንግዲህ። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

ጭቃ ሹሙ ድርሻ ሲያካፍል ሁሉም ሣር የበዛበትን፣ አጋምና ቀጋ የሌለበትን ለማግኘት ይለማመጥ ነበር። ባሌ ግን ብድግ ብሎ «የወንዙን እጥፋት ለእኔ ይስጡኝ» አለ።

«ምን ነካህ አንተ? እዚያ ያለው ቀጋ ብቻ ነው። ሚስትህ በመውለጃዋ ናት፣ ብቻህን ልትጨርሰው?»

«አጥሬ ፈርሷል፣ ጌታዬ። እሾሁን እፈልገዋለሁ።»

ሰዉ ሳቀበት። ለአጥር ሲል ቆዳውን የሚሸጥ ሰው አሉት። ይሳቁ አልን፤ የፈለግነውን አገኘን። ሐሳባችን ቀላል ነበር። ቀጋውን እንደ ትእዛዙ ከላይ እንቆርጠዋለን፣ ጉቶውንና ሥሩን እንተወዋለን። ቀጋ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ሥሩም ወንድሜን ከነአፈሩ አቅፎ ይይዘዋል። ሌላ ሰው በዚያ ቦታ ዶማ እንዳያነሳ ብቻ ነበር የፈለግነው።

ባሌ ሥራውን ሳይጀምር ጣሊያን በቅሎ ያለውን ሁሉ ለጭነት ሰበሰበ። ባሌን ከነበቅሎው ወሰዱት። ሲሄድ በጆሮዬ «ስመለስ እቆርጠዋለሁ፣ ቀኑ አላለፈም» አለኝ። እሱ በሄደ ማግስት ምጥ ያዘኝ። ለመጀመሪያ ልጅ ሴት ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ እኔ ግን መንገዱ ዘብ በዘብ ስለነበር እናቴ ናት ወደ እኔ የመጣችው። ወንድ ልጅ ተገላገልኩ። እናቴ ፊቱን አየችና ወጥታ ከቤቱ ጀርባ ስታለቅስ ሰማኋት። ቁርጥ ወንድሜን ይመስል ነበር።

አራስ ሆኜ መደብ ላይ ተኝቼ ነው እንግዲህ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጁ በሰው ሞላ። ጎረቤቴ ከፊት፣ ሌሎቹ ሴቶችና ወንዶች ከኋላዋ። ልብሳቸው ተቀዳዷል፣ ክንዳቸው ተቦጫጭሮ ደምቷል፣ ፊታቸው ግን ይስቃል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እያሉ ገቡ። እናቴ ገንፎውንም ጠላውንም አቀረበች።

ጎረቤቴ ከእግሬ ሥር ተቀመጠች። ከአንገቷ ወረንጦዋን አውጥታ ከመዳፏ እሾህ መንቀል ጀመረች። ሌሎቹም እንደዚሁ፤ አንዱ የአንዱን እጅ ይዞ እሾህ ያወጣል።

«በይ እንግዲህ አትጨነቂ» አለችኝ። «ድርሻሽን ጨርሰንልሻል።»

«ምኑን?»

«ቀጋውን ነዋ! ባልሽ ተወስዶ፣ አንቺ አራስ ሆነሽ፣ ከሁሉ የከፋው እናንተ ላይ ወድቆ እያየን ዝም እንበል? ደቦ ወጣንልሽ።»

«ከላይ ነው የቆረጣችሁት?» አልኳት። 

«ምን ከላይ! የሌሎቹን ከላይ ነው የላጨነው። ያንቺን ግን በዶማ ከሥሩ ነቀልነው። ለከርሞ አቆጥቁጦ እንደገና ውጪ እንዳይሉሽ ብለን። ሥሩን ከምረን አቃጠልነው፤ መሬቱን እንደ አውድማ ደለደልነው። ማንም ቀጋ ነበረበት አይልም።»

ልጄን አጥብቄ ያዝኩት። እናቴ ገንፎ እያቀረበች ሰማች። ቀጋው የቱ እንደሆነ አታውቅም፤ እኔ ነኝ የማውቀው። ማሰሮውን አስቀምጣ እጇን ዘረጋችና መረቀቻቸው። «ክንዳችሁ አይዛል። ልጄን እንደደገፋችኋት እናንተም ደጋፊ አትጡ። እናቷ በሌለችበት እናት ሆናችኋታል» አለች። አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ።  ባንዳው ወንድሜን ሲገድለው እንኳ እንደዚያ ቀን አንጀቴ አላረረም። ባንዳን መርገም ይቻላል። እነዚህን ምን ብዬ ልርገም? እጃቸው እየደማ፣ የእኔን ገንፎ እየበሉ፣ እናቴ እየመረቀቻቸው።

ባሌ ሲመለስ ሄዶ አየው። ቤት ገብቶ «አልደረሱበትም» አለኝ። «ጥልቅ ነው፣ ዶማቸው አልነካውም። ግን እጥፋቱ እንደ መዳፍ ተራቁቷል፤ ከመሻገሪያው ላይ ዘቡ ቁጭ ብሎ ያየዋል።» እናውጣው አልኩት። በምን? አለኝ። ዶማ ይዞ እዚያ የታየ ሰው ምን ሊል ነው? የተነቀለ መሬት እንደገና የሚቆፍር ማን ነው? ትንሽ እንጠብቅ አለ። ጠበቅን። ሌላ ምን እናደርጋለን? በጋው አለፈ፣ ዘቡ ከቦታው አልተነሳም። እኔ ውኃ ልቀዳ በሄድኩ ቁጥር ያንን ራቁት መሬት ሳላየው አይቼ እመለስ ነበር።

ክረምት ገባ። ጨሞጋ ሞላ። ወትሮ ሲሞላ እጥፋቱ ላይ ደርሶ ቀጋውን ነክቶ ይመለስ ነበር፤ ሥሩ አያስነካውም። በዚያ ዓመት ግን ምን ይዞት? አንድ ቀን ጠዋት ብንወርድ እጥፋቱ የለም። ደቦው የደለደለው መሬት እንዳለ ተገምሶ ሄዷል። የቀረው ቀጥ ያለ ጥቁር ገደል ነው። ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው፣ ወደ ዓባይ ይነጉዳል። ባሌ እስከታች ድረስ ዳር ዳሩን ሄደ። ከብት ጠፋኝ እያለ ነበር የሚሄደው። ምንም አላገኘም፤ ባዶ እጁን ተመለሰ።

እናቴ እኔ ከአራስ ቤት ስወጣ ወደ አምበር ተመልሳ ነበር፤ ለእሷ ማን ይንገራት? እኔ ሕፃን ይዣለሁ፣ መንገዱ ዝግ ነው፣ ይህ ደግሞ ለመልእክተኛ የሚነገር ነገር አይደለም። እናም ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቆ እስኪወጣ ድረስ እናቴ አምበር ቁጭ ብላ ልጇ ቀጋ ለብሶ እንደተኛ ታምን ነበር።

ጣሊያን በወጣ ሰሞን አገሩ ሁሉ አፅም ሲያፈልስ ከረመ። ከየገደሉ፣ ከየዋሻው እየተለቀመ በነጭ እየተጠቀለለ፣ በእልልታም በለቅሶም ወደየደብሩ ይገባል። እናቴም መጣች። አቡጀዲውን አጥባ፣ አጥፋ፣ በደረቷ ይዛዋለች። ቄሱን አነጋግራ፣ ከአባቴ አጠገብ ጉድጓዱን አስቆፍራ ነው የመጣችው።  ደጁ ላይ ቆመን ሁሉንም ነገርኳት። ደቦውንም፣ ክረምቱንም። ጎረቤቴ ሣር የምታጭድበትን ማጭድ እንደያዘች በአጥሩ ማዶ ሆና «እንኳን ደህና መጡ፣ እሜቴ» ልትል መጥታ ነበር፤ ቆማ ሰማች።

እናቴ አልጮኸችም። «አሳዪኝ» ብቻ አለች።

ሦስታችን ወረድን። ሚያዝያ ነውና ወንዙ ቀጥኗል። ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመን ቁልቁል አየን፤ ድንጋይና አሸዋ። ጎረቤቴ ፊቷ አመድ ሆኗል። «ለእሷ ብለን እኮ ነው፣ እሜቴ» አለች። «አላወቅንም። ለእሷ ብለን ነው።»

እናቴ አቡጀዲውን ለእኔ ሰጠችኝና የጎረቤቴን ማጭድ ከእጇ ተቀበለች። ወንዙን ተሻገረች። ማዶ ያለው ሰፈር ከላይ ከላይ ነበር የላጨው፤ ቀጋው መልሶ አቆጥቁጦ ጥሻ ሆኗል። እናቴ ባላም ሳትይዝ በእጇ እየጎተተች ቆረጠች። ልረዳት ስል «ተይኝ» አለችኝ። እየጎተተች ተሻገረች፣ ገደሉ ጫፍ ላይ አኖረችው፣ ተመልሳ ደግሞ አመጣች። ለአዲስ መቃብር እንደሚደረገው ከግርጌ እስከ ራስጌ ደረደረችው። ከሥሩ ምንም የለም። ይህን ከሁላችንም በላይ ታውቃለች። ሲበቃት ዘወር ብላ አየችው፣ ከዚያ ወደ ቤት መንገድ ገባች።

ደጃችን ስንደርስ ጎረቤቴ ወረንጦዋን ከአንገቷ አወጣች። እያለቀሰች ከእናቴ ፊት ተንበረከከች። «እጅዎን ይስጡኝ፣ እሜቴ። እሾሁን ላውጣልዎ» አለች።

እናቴ እጇን አየችው። በደምና በእሾህ ተሞልቷል። ከዚያ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። «ይቆይ» አለች። አቡጀዲውን ከእኔ ተቀብላ፣ የልጄን ግንባር ስማ፣ በዚያኑ ቀን ወደ አምበር ተመለሰች። እሾሁ እጇ ውስጥ ነበር።